ልጆችን ይዞ ወደ ዛንዚባር፦ የዓሣ ነባሪ ወቅትን ያማከለ የክረምት ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?

የሰኔ ፈተና አልቆ ልጆች ካርዳቸውን ይዘው ሲመጡ በብዙ ቤት አንድ ጥያቄ ይነሳል፦ «ዘንድሮ ክረምቱን የት ነን?» መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ነው። ጠዋት መድረሳ፣ ከሰዓት ቴሌቪዥን፣ ቢበዛ አንድ ሳምንት ክፍለ ሀገር አያት ዘንድ። ይህ ምንም ነውር የለበትም፤ እኛም ያደግነው እንዲሁ ነው። ይሁን እንጂ ገንዘብ አጠራቅመው ልጆቻቸውን አንድ ጊዜ ከባሕር ጋር ማስተዋወቅ የሚፈልጉ ወላጆች አሉ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ዛንዚባርን ያስባሉ። አገሩ የሙስሊም አገር ነው፣ በረራው አጭር ነው፣ ምግቡ አያሳስብም።

እኛም አምና ሁለት ዓመት የጣልነው እቁብ ሲደርሰን ይህንኑ አሰብን። ትልቁ ልጃችን 11 ዓመቱ ነው። ዜናውን እንደሰማ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ዓሣ ነባሪ እናያለን?» እኛም ሳናጣራ «ኢንሻአላህ» አልን። ኢንሻአላህ ማለት ደግሞ ሳያጣሩ ቃል መግባት አይደለምና ከዚያ በኋላ መጠያየቅ ጀመርን። መጠያየቁ የጉዞውን ወር፣ የማረፊያውን ቦታ፣ የጀልባውን ምርጫ፣ በመጨረሻም ከጉዞው የምንጠብቀውን ነገር ራሱን ለወጠው። ተመሳሳይ ሐሳብ ላላችሁ ወንድሞችና እህቶች ይጠቅም ይሆናል በማለት የተማርነውን እዚህ አስፍረናል።

በቅድሚያ ያየነው የአንድ አስጎብኚ ማስታወቂያ «ዓመቱን ሙሉ ዓሣ ነባሪ እናሳያለን» ይል ነበር። ቲኬቱ የሚረክሰው በሌላ ወር ስለነበረ ልባችን ወደዚያ አዘንብሎ ነበር። ቢሆን ኖሮ ልጁን አታለን እንመለስ ነበር። ዓሣ ነባሪዎቹ በዛንዚባር ዙሪያ ዓመቱን ሙሉ አይገኙምና።

ወቅቱ መቼ ነው? ለምንስ?

በዛንዚባር ዳርቻ የሚያልፈው ሃምፕባክ የሚባለው የዓሣ ነባሪ ዓይነት ነው። ስሙ «ባለ ጉብታ ጀርባ» እንደማለት ነው፤ ወደ ጥልቁ ሲገባ ጀርባውን ስለሚያጎብጥ ነው እንዲህ የተባለው። ያደገው ከ13 እስከ 16 ሜትር ይረዝማል፤ ክብደቱ 30 ቶን ገደማ ይደርሳል። ሁለቱ የጎን ክንፎቹ ብቻ የሰውነቱን ሲሶ ያህላሉ። ስሙ በአማርኛ «ዓሣ» ቢኖርበትም ዓሣ አይደለም። አየር ይተነፍሳል፣ ይወልዳል፣ ያጠባል። አስተማሪዎች በነበርንበት ጊዜ ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብዙ ጊዜ ጽፈናል፤ ተማሪዎቹም ለፈተና ሸምድደውት ይረሱታል። ከባሕሩ መሐል የትንፋሹን ጭስ ያየ ልጅ ግን የሚረሳው አይመስለንም።

እነዚህ እንስሳት ምግባቸውን የሚያገኙት ከምድር ደቡባዊ ጫፍ፣ በአንታርክቲካ ዙሪያ ባለው በረዷማ ባሕር ነው። እዚያ በበጋ ጠግበው ስብ ያከማቻሉ። እዚያ ክረምት ሲገባ ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ይጓዙና በሞዛምቢክ፣ በማዳጋስካር፣ በኮሞሮስ፣ በታንዛኒያና በኬንያ ዳርቻዎች ያለውን ሞቃት ውኃ ይገባሉ። የሚመጡት ለመጣመርና ለመውለድ ነው። በእነዚህ ወራት አዋቂዎቹ የሚበሉት ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ያከማቹትን ስብ እያነደዱ ይኖራሉ። እናቲቱ ምንም ሳትበላ ልጇን ታጠባለች። ሕፃኑ ሲወለድ 4 ሜትር ገደማ ርዝመትና አንድ ቶን ያህል ክብደት አለው። ያንን ሁሉ መንገድ ወደ ደቡብ ከመመለሱ በፊት መፋፋት አለበት። ይህን አንድ ነጥብ ያዙልን፤ ወደ ጀልባው ስንመጣ እንመለስበታለን።

በዛንዚባር ዙሪያ የሚታዩት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው፤ በይበልጥም በነሐሴና በመስከረም። የእኛ አገር ትምህርት ቤት የሚዘጋው በዚሁ ወቅት መሆኑ ትልቅ ኒዕማ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የምትኖሩ ወገኖቻችንም ልጆቻችሁ የሚያርፉት በሙቀቱ ወራት ስለሆነ ጊዜው ይገጥምላችኋል።

አንድ ችግር ግን አለ። በዚሁ ወቅት ዛንዚባር ላይ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ፤ የአገሩ ሰዎች ኩሲ ይሉታል። ኩሲ አየሩን ያቀዘቅዛል፣ ዝናቡን ያስወግዳል፣ ባሕሩን ግን ያስቆጣል። የሚበረታው በሰኔና በሐምሌ ነው፤ ወደ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም እየለዘበ ይሄዳል። ስለዚህ የትምህርት ቤቱን መከፈቻ፣ የነፋሱን መለዘብና የዓሣ ነባሪዎቹን መብዛት አንድ ላይ ስናሰላ ለአገር ቤት ቤተሰብ የሚስማማው ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጳጉሜን ያለው ጊዜ ሆኖ አገኘነው። ሐምሌ ላይ ብቻ መሄድ የምትችሉም አትተዉት፤ ነገር ግን ባሕሩ ጀልባ የማያስወጣባቸው ቀናት ሊኖሩ እንደሚችሉ አስባችሁ ሂዱ።

ዓላማችሁ ዓሣ ነባሪ ብቻ ከሆነ ዛንዚባር ምርጡ ቦታ ነው አንልም። በማዳጋስካር ምሥራቅ የምትገኘው የሳንት ማሪ ደሴት በዚህ የበለጠ የታወቀች ናት። ማዮትና ኮሞሮስም አሉ። ሆኖም ትናንሽ ልጆችን ይዞ፣ በአንድ በረራ ደርሶ፣ ጥቂት ቀን ቆይቶ ለሚመለስ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ዛንዚባር ይቀላል። አዲስ አበባ፣ ዛንዚባርና መካ በካርታ ላይ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ የተደረደሩ ያህል ናቸው፤ ስለዚህ ቂብላው እንደ አዲስ አበባው ሁሉ ወደ ሰሜን ነው። የቀጥታ በረራውም ከሦስት ሰዓት አይበልጥም።

ቲኬት ከመቁረጥ በፊት

ቅደም ተከተሉ ቪዛ፣ ከዚያ ቲኬት፣ ከዚያ ማረፊያ ቢሆን ይሻላል። ዛንዚባር የራሷ መንግሥት ቢኖራትም ቪዛው የታንዛኒያ ነው፤ በኢንተርኔት ይጠየቃል። «እዚያው ስንደርስ እናወጣለን» ብሎ አምስት ሰው ይዞ አውሮፕላን ማረፊያ መድረስ አያዋጣም። ልጆቹን ይዞ የሚሄደው አንደኛው ወላጅ ብቻ ከሆነ የሌላው የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ አስቀድማችሁ ኢሚግሬሽን ጠይቁ።

ከኢትዮጵያ የሚሄድ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ክትባቱ ሕጋዊ ዋጋ የሚኖረው ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ የመጨረሻው ሳምንት ላይ መሮጥ ዋጋ የለውም። አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው ካርዱ ዕድሜ ልኩን ያገለግለዋል። የወባ በሽታ በደሴቷ ላይ በእጅጉ ቢቀንስም ፈጽሞ አልጠፋም፤ አጎበር ያለው ክፍል ምረጡ፣ ለትናንሾቹ ሐኪም አማክሩ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ወጪ ኢንሹራንሱ ነው። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር እንግዳ የዛንዚባር ኢንሹራንስ ኮርፖሬሽንን ፖሊሲ መግዛት ግዴታው ነው፤ ለአንድ አዋቂ ሰው 44 ዶላር ነው። ሌላ የጉዞ ኢንሹራንስ ቢኖራችሁም ይህኛው አይቀርም። ብራችን ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ መተመን ከጀመረ ወዲህ እያንዳንዱ ዶላር እንደሚያሳስብ እናውቃለን። ስለሆነም ከሰባት ሌሊት ይልቅ አምስት ሌሊት አድራችሁ የተረፈውን ለጥሩ ጀልባ ብታውሉት ይመረጣል ባዮች ነን።

አንድ ትንሽ ነገር፦ ሻንጣችሁን በፌስታል አትሙሉት። ታንዛኒያ ከ2019 ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ከልክላለች፤ ክልከላው መንገደኛንም ይመለከታል። ድፎ ዳቦና በሶ ይዞ መሄድ የለመደ ወገን በጨርቅ ከረጢት ይያዘው።

የት ማረፍ?

ደሴቷ ትንሽ ብትመስልም ባሕሩ በሁሉም አቅጣጫ አንድ ዓይነት አይደለም። በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። በምሥራቁ ዳርቻ ሲሸሽ እጅግ ርቆ ስለሚሄድ ጠዋት ፎቶ ላይ ያያችሁት ሰማያዊ ውኃ ከሰዓት አሸዋና ጭቃ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ለልጆች መዋኛ በሰሜን ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ይሻላሉ። ነገር ግን ሆቴልና ሙዚቃ የበዛው፣ መጠጥም በግልጽ የሚሸጠው በዚያው አካባቢ ነው። አገሩ የሙስሊም ነው ማለት ሆቴሉ ሁሉ እንደዚያ ነው ማለት አይደለምና ከመክፈላችሁ በፊት መጠጥ ስለመሸጡና ሴቶች ተሸፍነው መዋኘት ስለመቻላቸው በግልጽ ጠይቁ።

ለዓሣ ነባሪ ግን ዋናው መነሻ ደቡብ ነው፤ ኪዚምካዚ። የአሁኗ የታንዛኒያ ፕሬዝዳንት ሳሚያ ሱሉሁ ሐሰን የተወለዱበት የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። እኛ ሦስት ሌሊት በደቡብ፣ ሁለት ሌሊት በስቶን ታውን አደርን። ልጆች ላሏቸው የምንመክረው ይህንኑ ነው። በአንድ ቀን ከሰሜን ተነስቶ ኪዚምካዚ ደርሶ መመለስ ይቻላል፤ ነገር ግን ጀልባዎቹ የሚወጡት ማለዳ ስለሆነ ልጆቹን በሌሊት መቀስቀስ፣ በመኪና ማንገላታት፣ ከዚያም ባሕር ላይ ማስመለስ ይከተላል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ያላችሁ አንድ ማለዳ ብቻ መሆኑ ነው። ያን ቀን ነፋስ ከተነሳ አለቀ። ደቡብ ያደረ ሰው ሁለትና ሦስት ማለዳ አለው።

ኪዚምካዚ ለእኛ ሌላም ነገር ነበራት። ዲምባኒ በሚባለው ክፍሏ ያለው መስጂድ ቂብላው ላይ በኩፊ ጽሕፈት የተቀረጸ ድንጋይ አለ። የተጻፈበት ዘመን 500 ዓመተ ሒጅራ፣ ማለትም 1107 ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ዘመናቸው ከታወቀ የእስልምና ቅርሶች ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ነው። ሕንፃው በኋላ ዘመን የታደሰ፣ ውጫዊ ገጽታውም ተራ ስለሆነ ብዙ ጎብኚ ሳያየው ወደ ጀልባው ያልፋል። እኛ ግን ዐስርን እዚያ ሰገድን፤ ትልቁ ልጅ ጽሑፉን ለማንበብ ሞክሮ ሲያቅተው «ይሄ ዐረብኛ ነው እንዴ?» ብሎ አሳቀን።

በደሴቷ ላይ እንደ እኛ ሰዓት የሚቆጥር ሕዝብ ማግኘትም ልጆቹን አስደንቋቸዋል። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች የቀኑን ሰዓት የሚጀምሩት ከንጋት ነው፤ «ሳአ ሞጃ» ማለት የእኛው ጠዋት 1 ሰዓት ነው። ጥሩ ነው፤ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሆቴሎችና አስጎብኚዎች በፈረንጅ ሰዓት ይናገራሉ፣ ጀልባ ነጂው ግን በራሱ ሰዓት ሊቀጥራችሁ ይችላል። «12 ሰዓት» ሲላችሁ ንጋት ነው ወይስ እኩለ ቀን ብላችሁ አረጋግጡ። ታላላቆችን ደግሞ «ሺካሞ» እያሉ ሰላም እንዲሉ ልጆቹን አለማምዷቸው፤ መልሱ «መረሃባ» ነው። የመንደሩ ሽማግሌዎች በዚህ ደስ ይላቸዋል። በአክብሮት የሚጠሩትም «ምዜ» ተብለው ነው።

ጀልባው፣ ጀልባ ነጂውና ላይፍ ጃኬቱ

ያየነውን ስለሆነ እዚህ ላይ እንቆያለን።

የመጀመሪያውን ጀልባ የተስማማነው ከማታው በስልክ፣ በአንድ አስጎብኚ በኩል ነበር፤ ቀብድም ከፈልን። ማለዳ ዳርቻው ላይ ስንደርስ ጀልባው ከአቅሙ በላይ ሰው ይዟል። ላይፍ ጃኬት አለ፣ ሁሉም ግን የአዋቂ ነው። ትንሿ ልጃችን አራት ዓመቷ ነው። ጀልባ ነጂውን ስንጠይቀው «እቀፏት፣ ቅርብ ነው» አለን። አዋቂ የሚለብሰውን ጃኬት ብናለብሳት ከአንገቷ ላይ ሾልኮ ይወጣል፤ ውኃ ውስጥ ደግሞ ይባስ ያንቃታል። አልተሳፈርንም። ቀብዱም ቀረ። ልጆቹ አሸዋው ላይ ተቀምጠው አለቀሱ፤ እኛም ለጊዜው ያበዛነው መስሎን ነበር።

አላበዛንም። በዛንዚባር ውኃ ላይ ስፓይስ አይላንደር የተባለችው መርከብ በሴፕቴምበር 10 ቀን 2011፣ ስካጊት የተባለችው ደግሞ በጁላይ 18 ቀን 2012 ሰጥመው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል፤ ብዙ ሕፃናትም ነበሩባቸው። የመጀመሪያዋ ከአቅሟ በላይ ጭና ነበር፤ ሁለተኛዋ የተገለበጠችው ባሕሩ በኩሲ ነፋስ ተቆጥቶ ሳለ ነው። ሁለቱም አደጋዎች የደረሱት በዚሁ በዓሣ ነባሪ ወቅት መሆኑን ልብ በሉ። አላህ ይዘንላቸው። እነዚያ ትልልቅ መርከቦች ነበሩ፤ የእኛ ጀልባ ግን ከእንጨትና ከፋይበር የተሠራች ትንሽ ነገር ናት። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ዳርቻው ድረስ ሄዳችሁ ጀልባውን በዓይናችሁ እዩ፣ የልጅ ጃኬቱን ልጁ ላይ አልብሳችሁ ለኩ። ቢቻል ትርፍ ሞተር ያለው፣ ጥላ ያለው፣ ከሌላ ቤተሰብ ጋር የማያጨናንቃችሁ ይሁን።

በዚያው ቀን መግሪብን ሰግደን ስንወጣ መስጂዱ ደጃፍ ላይ ከተቀመጡ ሰዎች ጋር ሰላምታ ተለዋወጥን። ታሪካችንን ስንነግራቸው አንድ በዕድሜ የገፉ ዓሣ አጥማጅ ጋር አገናኙን። እሳቸውም የልጅ ጃኬት ከጎረቤት ሆቴል ተውሰው እንደሚያመጡ ነገሩን፤ አመጡም። በኢንተርኔት ስንፈልግ የከረምነውን ጀልባ መስጂድ ደጃፍ ላይ አገኘነው ማለት ነው።

ለምዜ የጠየቅናቸው ግን ስለ ጃኬት ብቻ አልነበረም፤ ዓሣ ነባሪ ስናገኝ ምን ያህል እንደሚጠጉ ጠየቅናቸው። በዚህ ጉዳይ በብዙ አገር የሚሠራበት ደንብ ተቀራራቢ ነው። ከ100 ሜትር በላይ አለመጠጋት፣ ግልገል ካለ ደግሞ ከዚያም ርቆ መቆም፤ ከፊት አለመምጣትና መንገዷን አለመዝጋት፤ በጎን በኩል ቀስ ብሎ አብሮ መሄድ፤ ሞተሩን ማለዘብ፤ ውኃ ውስጥ አለመግባት። «ዓሣ ነባሪ ዘንድ አስገብተን እናዋኛችኋለን» የሚል አስጎብኚ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ምክንያቱ ላይ ያዙልን ያልነው ነጥብ ነው። እናቲቱ በዚህ ውኃ ውስጥ አትበላም። ጀልባ ባሳደዳት ቁጥር የምትጨርሰው ለልጇ ወተት የሚሆነውን ስብ ነው። ግልገሉም እየጠባና እያረፈ መክረም ሲገባው ሽሽት ይይዛል። በኪዚምካዚ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። መንደሩ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሚታወቀው በዶልፊን ጉብኝት ነው። በ2010 የታተመ ጥናት እንዳሳየው የቱሪስት ጀልባ በቀረባቸው ጊዜ ዶልፊኖቹ የሚያርፉበት ጊዜ ይቀንሳል። አካባቢው ከ1997 ጀምሮ የሜናይ ባሕር ሰላጤ ጥብቅ ቦታ ተብሎ የተከለለ ነው፤ ይሁን እንጂ ማለዳ ላይ ብዙ ጀልባዎች አንድ የዶልፊን መንጋ ሲከቡ በዓይናችን አይተናል። ጀልባ ነጂውን ይህን የሚያስደርገው ክፋት አይደለም፤ «ካልቀረብክ ጉርሻ የለም» የሚለው ጎብኚ ነው። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት «ርቀን ብናይም ክፍያዎ አይቀነስም» በሏቸው። አንድ የስዋሂሊ ቃልም ይበቃል፦ «ፖሌ ፖሌ»፤ ቀስ በቀስ ማለት ነው።

የሃምፕባክ ዝርያ ከሰው ብዙ ያየ ነው። ባለፈው የፈረንጆች ክፍለ ዘመን በደቡቡ የምድር ክፍል ብቻ ከ200 ሺህ በላይ ሃምፕባክ ለዘይቱና ለሥጋው ተገድሏል። በዚያ ክፍል መግደሉ የተከለከለው በ1963 ነው፤ ክልከላውን ጥሰው የገደሉም ነበሩ። አሁን ቁጥሩ እያገገመ ነው። ዑማን ያላችሁ አንባቢዎቻችን ደግሞ ይህን እወቁ፦ በዐረብ ባሕር ውስጥ ወደየትም የማይሰደድ፣ ቁጥሩ ከ100 በታች እንደሆነ የሚገመት የሃምፕባክ ቤተሰብ አለ። ከሰላላ ዳርቻ ርቀው ለመሄድ ዕድል ካገኛችሁ ጎረቤታችሁ ነው።

ስለ ማቅለሽለሽ በአጭሩ፦ ልጆቹ ባዶ ሆዳቸውን አይሁኑ፣ ወተትና ቅባት የበዛበት ቁርስም አይብሉ፤ ደረቅ ዳቦና ዝንጅብል በቂ ነው። ከጀልባው ኋላ ክፍል ይቀመጡ፣ ስልክ አይያዙ፣ ዓይናቸውን ሰማይና ባሕር በሚገናኙበት መስመር ላይ ያድርጉ። መድኃኒት መስጠት ካሰባችሁ በልጁ ዕድሜ ልክ ፋርማሲ አማክሩ። ከሁለት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ካላችሁ ግን አንዳችሁ ከእሱ ጋር ዳርቻ ብትቀሩ ይሻላል።

ሶላት፣ ጁሙዓና የልጆች ጥያቄ

የጀልባው ሰዓት ለሶላት ምቹ ነው። በነሐሴ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ ፈጅርን በጀመዓ ሰግዶ መነሳት፣ ከዙህር በፊትም መመለስ ይቻላል። ሁለትና ሦስት ሰዓት ባሕር ላይ ከቆያችሁ በቂ ነው። የዓርብ ዕለት ጀልባ አትያዙ፤ ባሕሩ ቢያዘገያችሁ ጁሙዓ ያመልጣችኋል። ማሳጠርን በተመለከተ በሻፊዒ መዝሀብ የመግቢያና የመውጫ ቀን ሳይቆጠር አራት ሙሉ ቀንና ከዚያ በላይ በአንድ ቦታ ለመቀመጥ የነየተ ሰው ሶላቱን ያሟላል፤ በሐነፊ መዝሀብ ወሰኑ 15 ቀን ነው። እንደ እኛ ሦስት ሌሊት እዚህ፣ ሁለት ሌሊት እዚያ የሚሆን ሰው በሁለቱም መዝሀብ ሊያሳጥር ይችላል። ጥርጣሬ ካላችሁ ከመነሳታችሁ በፊት የመስጂዳችሁን ኡስታዝ ጠይቁ።

ልጆች ባሕር ላይ የሚጠይቁት ነገር አያልቅም። ሁለተኛው ልጃችን «ነቢዩላህ ዩኑስን የዋጣቸው ይሄ ነው?» አለን። ቁርኣን ዓይነቱን አልነገረንም፤ ሃምፕባክ ደግሞ አፉ ቤት ቢያክልም ጉሮሮው ጠባብ ነው፤ አላህ ግን በሁሉም ነገር ላይ ቻይ ነው ብለን መለስንለት። ከዚያ የአቡ ዑበይዳ ኢብኑል ጀራሕን (ረ.ዐ) ዘመቻ ነገርናቸው። 300 ያህል ሰሓቦች ስንቃቸው አልቆ፣ በመጨረሻ በቀን አንዲት ተምር እየተካፈሉ፣ ቅጠል እስከመብላት ደረሱ። ባሕሩ ዐንበር የሚባል ግዙፍ ፍጡር ወደ ዳርቻ ጣለላቸው፤ ለብዙ ቀናት ተመገቡት። የጎን አጥንቱን አቁመው ግመል ከሥሩ እንዳለፈ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ከተረፈው ሥጋ ቀምሰዋል። ብዙዎች ዐንበር የተባለው ስፐርም የሚባለው የዓሣ ነባሪ ዓይነት ነው ይላሉ። ታሪኩን ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ ተናግረነዋል፤ ጀልባ ላይ ተቀምጠው ሲሰሙት ግን አጥንቱ ምን ያህል እንደሚሆን በእጃቸው መለካት ጀመሩ።

ያየነው

በሁለተኛው ማለዳ ከምዜ ጋር ወጣን። አንድ ሰዓት ያህል ምንም አልነበረም። ይህን ለልጆቹ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ዓሣ ነባሪ አዋቂው ከ10 ደቂቃ በላይ ውኃ ሥር ሊቆይ ይችላል፣ ግልገሉ ግን በየጥቂት ደቂቃው ለትንፋሽ ይወጣል። ስለዚህ አንዴ ትንፋሽ ካያችሁ ወዲያው አትሩጡ፣ እዚያው ጠብቁ።

ምዜ ሞተሩን አጥፍተው በጣታቸው አመለከቱ። «ኛንጉሚ» አሉ፤ ዓሣ ነባሪ በስዋሂሊ ነው። በሩቅ ነጭ ጭስ ወደ ላይ ተነሳ፣ ቀጥሎ አጠገቡ ትንሽ ጭስ። እናትና ልጅ። ከእኛ ሩቅ ነበሩ፤ ጥቁር ጀርባና አንድ ጊዜ ብቻ ሰፊ ጅራት አየን። ልጆቹ ትንፋሽ መቁጠር ጀመሩ። ትንሹ ጭስ አራት ጊዜ፣ ትልቁ አንድ ጊዜ ወጣ።

ከዚያ ከሰሜን በኩል ሦስት ጀልባዎች በሙሉ ፍጥነት መጡና ወደ ቦታው ቀጥ ብለው ገቡ። ከመድረሳቸው በፊት ሁለቱም ጠለቁ። ለግማሽ ሰዓት ብንጠብቅም አልተመለሱም። በጀልባዎቹ ላይ ያሉት ሰዎች ስልካቸውን እንደዘረጉ ቀሩ፤ ከፍለው የመጡት አንድም ነገር ሳያዩ ተመለሱ። ምዜ በራሳቸው ቋንቋ አንድ ነገር ተናግረው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አልተረጎሙልንም።

ለሦስተኛው ማለዳ ይዘነው የነበረውን ጉዞ ነፋስ ከለከለው፤ ምዜም ቀብዱን ሳንጠይቅ መለሱልን። ያን ቀን ልጆቹ በዲምባኒው መስጂድ አጠገብ ባለው ዳርቻ ላይ ሸርጣን ሲያሳድዱ ዋሉ። ማታ ትልቁ ልጅ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ «ትልቋ 1፣ ትንሹ 4» ብሎ ጽፎ አገኘነው።